ነፋሻ ቦታ

አያ አንሙትን እወደው ነበር። ይኸን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአባቴ እንኳ አብልጬ ነበር የምወደው፤ አባቴ፣ ስሙ ድረስ ነው፣ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ለበሬዎቹ ብቻ ነው፣ አያ አንሙት ግን እንደ ትልቅ ሰው ያዋራኛል። ቀፎ ስላለው እጁ ሁልጊዜ ማር ማር ይሸታል። ከሮብ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያስቆመኝና ሁለት እጁን ጨብጦ፣ ማንጠግቦሽ፣ ከረሜላው በየትኛው ነው ይለኛል። በየትኛውም ብል አገኛለሁ። በሁለቱም እጁ ይይዝ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

አገራችን ከሮብ ገበያ ወደ ታች ሲወርዱ ነው። ከበላያችን ጮቄ አለ፤ በበጋም ብርዱ አይለቀውም። ከበታችን መሬቱ እየተሰበረ ይወርድ ይወርድና ዓባይ በረሃ ይገባል። በመካከል ሁለት ጉብታዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ "በር" እንላታለን። እኔ የእውነት በር፣ መቀርቀሪያ ያለው ይመስለኝ ስለነበር ማን እንደሚከፍተው እጠይቅ ነበር። የሰዉ ቤት ሁሉ በግራና በቀኝ፣ ጉብታዎቹ ሥር ተለጥፎ ነው የተሠራው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፣ ገብሱ ደረት ይደርሳል፤ ሰው ግን ያርሰዋል እንጂ ቤት አይሠራበትም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መሬት እንደ አዲስ ሲደለደል አባቴን "ቢሮክራት" አሉት። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ቁልፍ ይይዝ ስለነበረ ነው። እኔ ቢሮክራት የበሽታ ስም መስሎኝ፣ አባቴ ሊሞት ነው ብዬ አለቀስሁ። እቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የነበረው መሬታችንም ቤታችንም ለሌላ ሰው ሆነ። በለውጡ የሚሰጠንን ሊለኩ ኮሚቴዎቹ ገመድ ይዘው መጡ፤ ገመዱን ይዞ ከፊት የሚሄደው አያ አንሙት ነበር። እሱ ከያዘውማ ምን እንሆናለን ብዬ ደስ አለኝ።

አያ አንሙት ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከሜዳው መካከል ሲደርስ ችካሉን መታው። ከዚያ ወደ አባቴና ወደ እናቴ ዞሮ ፈገግ አለ።

"ነፋሻ ቦታ ነው የሰጠኋችሁ፣" አለ። "ልጆቻችሁ አየር ይጠግባሉ።"

እንዴት ያለ ቃል ነው! አስተማሪያችን ስለ ደብረ ማርቆስ ሲነግረን "አየሯ ነፋሻ ነው" ብሎን ነበርና፣ እኛም ከተማ ልናክል ነው አልሁ። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ አቀርቅሮ መሬቱን በዘንጉ ይጭር ጀመር። እናቴ የብርጓል ደግሞ ምራቋን እንትፍ አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ለዚያ ሁሉ ደግነት መልሱ ይኸ ነው ብዬ በእናቴ አፈርሁ።

አንሙት ብዙ ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሲናገር ሰሙን ለሰሚው ይሰጥና ወርቁን ለራሱ ያስቀራል። የዚያን ቀን ሰሙን እኔ ወሰድሁት፤ ወርቁን ያየችው እናቴ ብቻ ናት።

ልጅ ሆኜ የማላውቀውን አሁን ልንገራችሁ። በእኛና በአንሙት ቤት መካከል ደም ነበረ። የአንሙት ወንድም የአባቴን ወንድም በወሰን ጠብ ገደለው። በወሩ ወንድሜ ተወለደ፤ ደም የሚመልስ ይሁን ተብሎ ደመላሽ ተባለ። ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ግን የአባቴ የአክስት ልጅ የአንሙትን ወንድም ገድሎ ዓባይ በረሃ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ደሙ ተካክሏል ተብሎ ሽማግሌ ገባ፣ እርቅ ወረደ። የሁለቱ ቤት ወንዶች፣ አባቴም አንሙትም፣ እጃችንን አናነሣም፣ መሣሪያ አንማዘዝም ብለው ወንጌል መትተው ማሉ። ሴቶቹን ማንም አላስማለም። ሴት ደም አትመልስም፣ ደምም በሴት አይመለስም፤ ስለዚህ በዚያ ሂሳብ ውስጥ የሚቆጥራት የለም።

ደሙ ቢመለስም፣ እርቅ ቢወርድም የወንድሜ ስም አብሮት ቀረ። አንሙት አንድም ቀን በስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ "ይኸ ልጅ" ነበር የሚለው። እኔ ስሙ እየጠፋው መስሎኝ፣ ደመላሽ ነው እኮ የሚባለው እያልሁ አስታውሰው ነበር።

ቤቱን ሠራን፤ ክዳኑም ቆርቆሮ ሆነ። እናቴ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። መጋቢት ሲገባ፣ ፀሐይ ከአናት ዘወር ስትል፣ ደመላሽን ታዝልና እኔን በእጄ እየጎተተች እቤተ ክርስቲያኑ ደን ትወስደናለች። እዚያ ጽድ ሥር እስኪመሽ ቁጭ ነው። ምን ልንሠራ ነው ስላት፣ ልንሳለም ትለኛለች። ከሰዓቱን ሙሉ የሚሳለም ሰው የት አለ? ልጆቹ እናትሽን ነካ አድርጓታል እያሉ ይስቁብኛል። አባቴም ሰው ምን ይላል እያለ ይቆጣል። አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው።

"የተሰጠኝ ቦታ ይኸ ነው፤ ምን አድርግ ትይኛለሽ? እኔ ምያለሁ፣" አለ አባቴ።

"አንተ ማልህ፣" አለችው። "እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሁዳዴ ጾም ነበርና የጾም ነገር መሰለኝ። አባቴ እህል ላለመቅመስ ምሎ፣ እሷን ሳይጠይቃት ቀርቶ የተቀየመች መሰለኝ።

የዚያ ዓመት ሚያዝያ የእናቴ አክስት ጮቄ ሥር አርፋ፣ እናቴ ለልቅሶ ወጣች። ስትሄድ አባቴን፣ ከቀትር በኋላ ልጆቹን ከቤት አውጣልኝ ብላ አደራ አለችው። ደመላሽ ግን ትኩሳት ይዞት ተኝቷል፤ አባቴ የታመመ ልጅ አውጥቼ ብርድ ላይ አላሰጣም አለ። እሳት ጠፍቶብን ስለነበር እኔን ገል አስይዞ እሳት ጭሬ እንድመጣ ላከኝ።

እሳቱን ይዤ ስመለስ አያ አንሙት ከደጁ ጠራኝ። ቤቱ ከምሥራቁ ጉብታ ሥር፣ ተራራው በክንዱ አቅፎት ነው ያለው። ነይ፣ ማር ቆርጫለሁ አለኝ። አባቴ እሳቱን ይጠብቃል ስለው፣ ይጠብቅ አለኝ። እውስጥ አስገብቶ ከኋላው ግድግዳ ሥር አስቀመጠኝና ወለላውን በሣህን ሰጠኝ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ጉብታዎቹ በር አዙሯል። ጮቄ ጥቁር ቆብ ደፍቷል። ጭልፊቶቹ ዝቅ ብለው ይዞራሉ። እኔ ጣቴን እየነከርሁ እልሳለሁ።

"ይጣፍጣል?" አለኝ ሳይዞር።

ይጣፍጣል አልሁት። ከዚያ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። የሮብ ገበያው ወፍጮ እዚህ ድረስ እንዴት ተሰማ ብዬ ብድግ አልሁና በብብቱ ሥር አጮልቄ አየሁ። አውሎ ነው። ከበሩ ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ እየተሽከረከረ፣ አፈሩንና ገለባውን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ እቤታችን ይሄዳል። ጋኔን ሲዳር አውሎ ይነሣል ብለውኝ ስለነበር ሙሽራዋን በዓይኔ ፈለግሁ። የቤታችን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። አያ አንሙት አማተበና መዳፉን ዓይኔ ላይ አደረገ። መዳፉ ማር ማር ይሸታል። እንዳልደነግጥ አዝኖልኝ ነው አልሁ።

አባቴ በሬዎቹን ሊያስር ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። ደመላሽን ከፈረሰው ግድግዳ ሥር አወጡት።

በልቅሶው ላይ እንደ አንሙት ያለቀሰ የለም። ሙሾ ያወረደው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ በእሱ ግጥም ነው የተላቀሰው። የበለጠ ወደድሁት። እናቴ በማግሥቱ ደረሰች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጮኸችም። ሬሳውን አየች፣ የፈረሰውን ቤት አየች፣ ከዚያ እኔን ጠርታ የት ነበርሽ አለችኝ። በኩራት ነገርኋት። አያ አንሙት ጠርቶኝ፣ ማር አብልቶኝ፣ እሱ ነው ያዳነኝ። እጄን አንሥታ አሸተተችው፤ በዚያ ግርግር ያጠበኝ ስላልነበረ ገና ይጣበቃል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነክራ በአመድ ትፈትገው ጀመር፤ እስኪቀላ፣ ቆዳዬ እስኪላጥ። እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ትፈትጋለች። ወንድሜ ሞቶ እኔ በመትረፌ የተናደደችብኝ መሰለኝ። ለዚያ እጅ ስል እናቴን ስንት ዓመት ጠልቻታለሁ።

ያ ሰው ሰማዩን አይቶ አውቋል። እኔን ከመንገድ ሲጠራ ድምፁን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ አባቴም ይሰማው ነበር። አላደረገም። እጁን አላነሣም፣ መሣሪያ አልመዘዘም፤ መሐላውን ጠብቋል። እኔን ያወጣኝ አሳዝኜው አይደለም። ደም በሴት አይመለስማ! የሚፈልገው ያን ስም የያዘውን ልጅ ነበር፤ እኔ ትርፍ ነኝ። ይኸ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እናቴ ከሰባተኛው ቀን በኋላ አንድ ነገር ጀመረች። ከአውድማ የቀረ ገለባ በነጠላዋ ትቋጥርና እበሩ ላይ ትወጣለች። እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ትበትናለች፣ ገለባው በሄደበት ትከተለዋለች፣ ወድቆ ካረፈበት ድንጋይ ታስቀምጣለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትበትናለች። ፍሬ የሌለው ገለባ የምታዘራ ሴት ማን አይቶ ያውቃል? ሰዉ፣ ልጇን ቀብራ ነው፣ እግዜር ይማራት እያለ ከንፈሩን ይመጣል። አባቴ ያንን እያየ ፊቱን ያዞራል። እኔ ለደመላሽ ነፍስ የሚደረግ ሥርዓት መስሎኝ ከጎኗ ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር።

ክረምት ሲገባ፣ ሌላ መሬት የለንምና ቤታችንን እዚያው ሜዳ ላይ መልሰን ከቀለስን በኋላ፣ ድንጋዮቹን ባስቀመጠችበት ዛፍ መትከል ጀመረች። የቀርከሃውን ሥር ጮቄ ካሉ ዘመዶቿ አመጣች። የባሕር ዛፉን ችግኝ የቀበሌው ችግኝ ጣቢያ ሰጣት፤ የፈቀደላት ያኔ ሊቀመንበር የሆነው አንሙት ነው። በየክረምቱ ተከለች። በየበጋው እኔና እሷ ከምንጩ ውሃ እያዘልን ዳገቱን ወጣን። የንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተዋት መስሎኝ ኃጢአቷ ምን ያህል ቢከብድ ነው እል ነበር። ዛፎቹን ምን እንበላቸው ሲሏት "የደመላሽ" አለች። ስሙ በዚያው ጸና፤ ከብት ጠባቂው ሁሉ፣ እደመላሽ ሥር አረፍን ማለት ጀመረ።

ዛፎቹ ከቤት በላይ ሲሆኑ ቀበሌው በደን ልማት ሸለማት። ሽልማቱ አካፋ ነው። ያስረከባት አንሙት ነው። ስለ እናት አንጀት ረዥም ንግግር አደረገና፣ የደመላሽን ዛፍ የነካ ይቀጣል ብሎ ውሳኔ አሳለፈ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። በየሰዉ ቃል ውስጥ ወርቅ ሲቆፍር የኖረ ሰው የዚያን ቀን ሰሙን እንዳለ ዋጠው። እናቴ አካፋውን ተቀብላ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው። በቃ ታረቁ ብዬ በደስታ አለቀስሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልኖረም። እኔ ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የተማርሁትም የአየር ጠባይ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ምን ልማር ኖሯል? ለእረፍት ስመጣ እበሩ ላይ ወጣሁና የተማርሁትን ከፊቴ አገኘሁት። በሚያዝያ የዓባይ በረሃ ሲግል የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ከጮቄ ቀዝቃዛው ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚገናኙት እኛ ላይ ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ ቢሆን ተበትኖ ይቀር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ጉብታዎች ጨምቀው ያፈጥኑታል፣ የምዕራቡ ጉብታ ሹል ጫፍ ይጠመዝዘዋል፤ ከበሩ ሲወጣ አውሎ ሆኗል። የቀድሞ ሰዎች ለምን ከፊቱ እንዳልሠሩ፣ አንሙትም ችካሉን የት እንደመታው በአንድ ጊዜ አየሁት።

ከዚያ የእናቴን ዛፎች አየሁ። ነፋስ ለማቆም የፈለገ ሰው ከበሩ ፊት አግድም ነው የሚተክል። የእናቴ ዛፎች አግድም አልነበሩም። ከምዕራቡ ጉብታ ጫፍ ተነሥተው በሰያፍ ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። ነፋሱን አያቆሙትም፤ እየገፉ ይወስዱታል። መስመሩን በዓይኔ ተከትዬ ስወርድ አንሙት ደጅ ደረስሁ።

ወርጄ እናቴን ሽንኩርቷን ስትኮተኩት አገኘኋት። እናየ፣ እነዚያ ዛፎች ነፋሱን ወዴት እንደሚወስዱት ታውቂያለሽ አልኋት። ቀና እንኳ አላለችም።

"ደመላሽ ነው ያልኋቸው፣" አለችኝ። "ስሙን መቼ ደበቅሁ?"

ገለባው፣ ጽዱ ሥር መቀመጡ፣ አመዱ፣ ያ የተላጠ እጄ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ስንት ዓመት ጠልቻት እንደነበር ነገርኋት፤ አውቃለሁ አለችኝና መኮትኮቷን ቀጠለች። ይኸን የነገርሁት ሰው ሁሉ፣ ተይ ይቅርብሽ አላልሻትም ወይ ይለኛል። አላልኋትም። ረድፉ የሳሳበትን ቦታ አሳየኋት፤ በዚያው ክረምት አብረን ሞላነው።

አውሎው በዓመቱ ሚያዝያ መጣ። በዛፎቹ ጎን ጎን ወርዶ የአንሙትን ክዳን ነቀለ፣ ጎተራውን ገለበጠ፤ ምሰሶው ወድቆ የአንሙትን ዳሌ ሰበረው። ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ ቆሞ አያውቅም። እናቴ እርጎ ይዛ ልትጠይቀው ሄደች፣ እኔም ተከተልኋት። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት እያሉ ቦታ ለቀቁላት። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እርጎውን አቀበለችውና ዙሪያውን አየችው።

"ቦታው ነፋሻ ነው ለካ፣ አያ፣" አለችው።

ሰዉ ጨዋታ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። አንሙት ግን ጽዋውን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ላይ ሰሙ ሲቀልጥ አየሁት።

ምን ይበል? ዛፎቹ ናቸው ያመጡብኝ ቢል፣ የነፋሱን መንገድ ከየት አወቅህ፣ እያወቅህስ ድረስን ለምን እዚያ አሰፈርኸው ይባላል። ዛፎቹን እንዳይቆርጥ ውሳኔው የራሱ ነው። ቦታውን ልልቀቅ ቢልም ምክንያቱን ሊናገር ነው። የአንሙት ልጅ፣ ዓባይ የሚባለው፣ ቤቱን እዚያው መልሶ ሠራው፤ አባቱ የማይናገረውን ልጁ ከየት ያውቃል።

በዚያው ዓመት ዓባይ ወንድ ልጅ ወለደ። ስሙን አያትየው አወጣ፦ ደመላሽ። መንደሩ ጉድ አለ። በሟቹ ልጅ ስም ጠራው፣ እርቅ ማለት ይኸ ነው ብሎ ክርስትናው ላይ ያላለቀሰ የለም፤ ቄሱም ስለ ፍቅር ሰበኩ። እናቴ ከክርስትናው ተመልሳ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

"ገባው፣" አለች።

እናቴ ልጁ ነፍስ ካወቀ በኋላ ሞተች። ተዝካሯ ከፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ ላይ ዋለ። መንደሩ ሁሉ እኛ ቤት ነበር፣ ዓባይና ሚስቱም። ትንሹን ደመላሽን አያቱ ዘንድ ትተውት ነው የመጡ። ቤት ለቀረ ደካማ ድርሻውን መላክ ወግ ነው፤ የአያ አንሙትን እኔ አደርሳለሁ አልሁ። አገልግሉን አንጠለጠልሁ፣ በሌላው እጄ ወለላ ማር በሣህን ያዝሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቀና አልሁ። ጮቄ ጥቁር ቆቡን ደፍቷል። ጭልፊቶቹ ዝቅ ብለዋል። እበሩ ላይ ገለባ መዞር ጀምሯል። ይኸን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገኝም፤ ከዚህ በፊት ማር እየላስሁ አይቼዋለሁ።

አንሙት ደጃፉ ላይ አጎዛ ተነጥፎለት ተቀምጧል፣ ምርኩዞቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ልጁ ግቢው ውስጥ ጎማ ይገፋል። አገልግሉን ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው በሁለት እጄ አቀረብሁለት። የእናትሽን ነፍስ ይማር አለኝ፣ አሜን አልሁ። ከዚያ ልጁን ጠራሁት፦ ደመላሽ፣ ና፣ ማር አለኝ።

አንሙት ማሩን አየ። እኔን አየ። ከዚያ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ በሩ አዞረ። ሰማዩን አየ።

"ማንጠግቦሽ፣" አለኝ። "እኔም አውጥቼሽ ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አያ። ስላልቆጠሩኝ ነው። እኔም እሱን አልቆጠርሁትም። ቦታው ነፋሻ ነው፤ አየር ይጥገቡ።"

እጁን ወደ ምርኩዙ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። በዚያ ዳሌ የትም አይደርስም፤ ያውቀዋል። ልጁን ይዤ ወረድሁ። እቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ እናቴ ታስቀምጠን ከነበረው ጽድ ሥር አስቀመጥሁትና ማሩን ሰጠሁት። ጣቱን እየነከረ ይልሳል። እኔ ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዙሬ ቆምሁ። ይጣፍጣል? አልሁት ሳልዞር፤ ይጣፍጣል አለኝ። የወፍጮው ድምፅ ሲመጣ ጎንበስ ብዬ መዳፌን ዓይኑ ላይ አደረግሁ።

በአንሙት ልቅሶ ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስሁት እኔ ነኝ። ሙሾም አወረድሁ፤ የሰው ዓይን አልደረቀም።

ደመላሽ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ያዳነችኝ እሷ ናት እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ይነግራል። አገር ቤት ስሄድ መንገድ ላይ አስቆመውና ሁለት እጄን ጨብጬ፣ ከረሜላው በየትኛው ነው እለዋለሁ። በየትኛውም ቢል ያገኛል። በጣም ይወደኛል።